ኩላንት ሲቀላቀልና ሲሞላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ጎንደር ውሃ የሚያረጋ ብርድ የለም፤ ስለዚህ ለራዲያተር ንጹህ ውሃ ይበቃል» የሚለው አስተሳሰብ ከሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ የሚቀድም ነው። ኩላንት፣ ማለትም በራዲያተር የሚሞላው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ውሃ እንዳይረጋ ከመከላከሉ በተጨማሪ የፈሳሹን የመፍያ ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ብረቱንና አሉሚኒየሙንም ከዝገትና ከመበላት ይጠብቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክፍት ዕቃ ውስጥ የተጣደ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ የሞተር የሥራ ሙቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ጭነት ይዞ ሊማሊሞን የሚወጣ ወይም ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ መኪና ከመፍላት የሚድነው በራዲያተሩ ክዳን ግፊትና በኩላንቱ ነው። ብርድ የለም የሚለውም ቢሆን ለከተማዋ እንጂ በበጋ ሌሊት ውርጭ ለሚወርድበት የስሜን ተራሮች አይሠራም፤ በተራሮቹ ባለው የጨነቅ ካምፕ የሚያድር መኪና ይህን ይፈትነዋል።

ሁለተኛው ስህተት በጀሪካን የተጠራቀመ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ መቀላቀል ነው። በውሃው የሚገኙት ካልሲየምና ማግኒዚየም በሙቀት ኃይል ከራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ፤ ቆይተውም መተላለፊያውን ያጠባሉ። ለዚህ ሥራ የሚገባው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። ሲገዙ ግን ዕቃው የባትሪ አሲድ አለመሆኑን ጽሑፉን አንብበው ያረጋግጡ።

መጠኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንዳንዱ ኩላንቱ ሲወፍር ይሻላል ብሎ ያልተበረዘውን ብቻውን ይሞላል፤ ሆኖም የኩላንቱ ዋና ክፍል የሆነው ግላይኮል ውሃ ካልተቀላቀለው ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያነሰ ስለሆነ ሞተሩ የባሰ ይሞቃል። ሌላው ደግሞ ፋብሪካ በርዞ ለአገልግሎት ያዘጋጀውን ኩላንት ደግሞ በውሃ ያቀጥነዋል። የተለመደው ልክ እኩል በእኩል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን ራዲያተሩ ከታጠበ በኋላ ሞተሩ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው። የታችኛው መክፈቻ ቢከፈትም ፈሳሹ በሙሉ አይወጣም። ለምሳሌ 5 ሊትር ከሚይዝ ሞተር 3 ሊትር ብቻ ቢወጣና በምትኩ እኩል በእኩል የተበረዘ 3 ሊትር ቢሞላ፣ ከጠቅላላው ውስጥ ንጹሁ ኩላንት 1.5 ሊትር፣ ማለትም 30 በመቶ ብቻ ይሆናል። ትክክለኛው አሠራር የመጨረሻውን እጥበት በባትሪ ውሃ አድርጎ በመመሪያው ከተጻፈው መጠን ግማሹን፣ በምሳሌው 2.5 ሊትር፣ ያልተበረዘ ኩላንት አስቀድሞ መጨመር፣ የቀረውንም በባትሪ ውሃ መሙላት ነው።

ቀለም አይቶ መቀላቀልም አያዋጣም። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም አምራቹ የሚጨምረው ማቅለሚያ እንጂ የዓይነት ማረጋገጫ አይደለም። የዝገት መከላከያው በሲሊኬት የተሠራ ኩላንት መከላከያው በኦርጋኒክ አሲድ ከተሠራው ጋር ሲገናኝ መከላከያው ይዳከማል፤ አንዳንዴም ረግቶ ቱቦ ይዘጋል። በከተማችን የሚበዙትን የጃፓን መኪናዎች የሚሠሩ አብዛኞቹ አምራቾች ሲሊኬት የሌለበትን ያዝዛሉና፣ መለያውን ከመኪናው መመሪያ ጋር ማመሳከር ይገባል።

ሞተሩ ሞቆ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቅ ይችላል። ሞተሩ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ ይጠብቁ።

ሞልተው ወዲያው ክዳኑን አይዝጉ፤ የታሰረ አየር ፈሳሹ እንዳይዘዋወር ያግዳል። መኪናውን ፊቱ ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ ያቁሙት፤ ዳገት በጎንደር አይቸግርም። ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍተው ያስነሡት፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ቴርሞስታቱ (ፈሳሹ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ተከፍቶ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅና አረፋው እስኪያቆም እየጨመሩ ይጠብቁ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መጠኑን ደግመው ይመልከቱ። በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ ግን የሚያንጠባጥብ ቦታ ወይም የተበላ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) አለና መጨመሩ መፍትሔ አይሆንም።

የወጣው አሮጌ ኩላንት ወደ ቀሃም ሆነ ወደ አንገረብ ወንዝ በሚወርድ ቦይ መፍሰስ የለበትም። ኤቲሊን ግላይኮል የሚጣፍጥ መርዝ በመሆኑ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል፤ ስለዚህ በሃይላንድ አያስቀምጡት፤ ክዳኑ በሚጠብቅና ምንነቱ በተጻፈበት ጀሪካን አድርገው ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ያኑሩት።