ሙትራህ ገበያ ማርትሬዛ ብር ስትገዙ

ኦማን፣ ሙስካት፣ ሙትራህ ገበያ ስሄድ ትንሽ ሚዛንና ማግኔት ከቦርሳዬ አይጠፉም። ማርትሬዛ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም፣ እዚያ ይሸጣል፤ የሐበሻ ልጅ ሲያየው ልቡ ይሸፍታል። ቀስ በሉ።

ላዩ ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመት ዕድሜውን አይነግራችሁም። ቪየናም ሌሎች ከተሞችም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ከዚያ በኋላ ብዙ መትተዋል። «የ1780 ነው» ብሎ ዋጋ የሚሰቅል ነጋዴን አትመኑ። እኔ የማጣራው ከእውነተኛ ብር ማዕድን መሠራቱን ነው።

መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። በላቲን «ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ» የሚሉ ጎላ ያሉ ፊደላት ይዞሩታል። ፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ ወይ የሉም ወይ ደብዝዘዋል። ከዚያ መዝኑት፤ 28 ግራም ገደማ ነው። 25 ከመጣ መልሱት። ማንጠልጠያ የተበየደበት ግን ይከብዳል። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም፤ ስላልሳበው ብቻ ግን አትግዙ፣ መዳብም አይሳብም። ሻጩ አትመዝኑ ካለ ትታችሁ ውጡ።