እንደ ሞገድ የሚተኛ ባለ ቀዳዳ ሹራብ በእጅ እንዴት ይሠራል?

ሶፋውም ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ለብሶ ባደግንበት ቤት፣ ክርና ቀዳዳ አብረው እንደሚያምሩ ማንም አይነግረንም። ዳንቴል ግን የኪሮሽ ሥራ ነው። ዛሬ የምንሠራው በሁለት ሽቦ ነው። ቀዳዳ ያለው፣ እንደ ውሃ ሞገድ እጥፍ እጥፍ የሚል የሴት ሹራብ።

ዲዛይኑ የመጣው ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉት የሼትላንድ ደሴቶች ነው። እዚያ «ኦልድ ሼል» ይሉታል። የደሴቶቹ ሴቶች፣ በተለይ ኡንስት የምትባለው ደሴት ሴቶች፣ በጣት ቀለበት ውስጥ ተስቦ የሚያልፍ ስስ ነጠላ በመሥራት ስማቸው የታወቀ ነው። አትደንግጡ፣ እኛ እዚያ ድረስ አንሄድም። ኦልድ ሼልን የመረጥኩት ከ4 ረድፍ ውስጥ አስቸጋሪው አንዱ ብቻ ስለሆነ ነው። ሦስቱን ወሬ እያወራችሁ ትጨርሳላችሁ።

ቀጥ ያለ ዓይንና ግልብጥ ዓይን መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይበቃል። እሱም ገና ከሆነ መጀመሪያ አንድ የአንገት ሻርፕ ሥሩ።

ክርና ሽቦ

መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ያዙ። 100 ግራም የሚመዝነው ጥቅል 200 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ማለቴ ነው። ለመካከለኛ ልክ 5 ጥቅል ይፈልጋል፤ እናንተ 6 ግዙ። ወረቀቱ ላይ ያለው የቀለም ቁጥርና ክሩ የተነከረበት ዙር ቁጥር («ሎት» የሚለው) በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን እዩ። ቁጥሩ ከተለያየ፣ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰላችሁ ቀለም ፀሐይ ላይ ሁለት ይሆናል።

ከተቻለ ሱፍ ይሁን። ሱፍ ታጥቦ ሲወጠር በተወጠረበት ይደርቃል፣ ቀዳዳውም ፍንትው ይላል። ገበያው ላይ በብዛት ያለው አክሪሊክ ተወጥሮ ቢደርቅም ይመለሳል። ርካሽነቱ ግን ለመለማመጃ ጥሩ ነው። ጥጥ ይከብዳል፣ ሹራቡን በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል። የመንዝ ሱፍስ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ እሱ ለበርኖስና ለባና ይሁን። አንገት ላይ ይኮሰኩሳል።

ሽቦው 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ለአንገትና ለእጅ ጫፍ ደግሞ 3.5። ሽቦ እንበለው እንጂ የቀርከሃው ይሻላል፤ በብረቱ ላይ ዓይን እየተንሸራተተ ያመልጣል።

ሞገዱ

አንድ ሞገድ 18 ዓይን ነው። 4ቱ ረድፎች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ ረድፍ፦ ሁሉንም ቀጥ።
2ኛ ረድፍ፦ ሁሉንም ግልብጥ።
3ኛ ረድፍ፦ ሁለት ሁለት ዓይን ባንድ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ሥሩ፣ 3 ጊዜ። ከዚያ ክሩን ሽቦው ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙና 1 ዓይን ቀጥ ሥሩ፣ ይህን 6 ጊዜ። ከዚያ እንደገና ሁለት ሁለቱን ባንድ፣ 3 ጊዜ።
4ኛ ረድፍ፦ ሁሉንም ቀጥ። የጠመጠማችሁትም እንደ አንድ ዓይን ይሠራል።

ነገሩ ሁሉ 3ኛው ረድፍ ላይ ነው። ሁለት ዓይን ባንድ በመደመር 6 ዓይን ይጠፋል፣ በመጠምጠም 6 ይወለዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ 18 መሆን አለበት። የተጠመጠመው ቀዳዳውን ይከፍታል፣ የተደመረው ጨርቁን ይስባል። ሞገዱ የሚመጣው ከዚህ መሳሳብ ነው። 4ኛው ረድፍ በጀርባ በኩል ቀጥ ስለሚሠራ ፊት ለፊት ጎርበጥ ያለ መስመር ይተዋል። ሹራቡን እጅ ሲዳስሰው የሚሰማው እሱ ነው።

ከሁሉም በፊት ናሙና ሥሩ። 40 ዓይን ጀምሩ፤ 2 ሞገድ፣ ከግራና ከቀኝ 2 2 ዓይን። 24 ረድፍ ሥሩና እጠቡት፣ ወጥሩት፣ ይድረቅ። አንዱ ሞገድ 9 ሳንቲ ሜትር ከመጣ በያዛችሁት ቀጥሉ። ካነሰ ሽቦውን በግማሽ ሚሊ አወፍሩ፣ ከበለጠ አቅጥኑ። ናሙና ጊዜ ማባከን ነው ብዬ ዘልዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ሹራቤ ለአሥር ዓመት ልጅ ልክ ሆነ።

ጀርባ

100 ዓይን ጀምሩ። ሁለቱን ሽቦ ደርባችሁ ብትጀምሩ ጫፉ ላላ ይላል። ከጠበቀ ሞገዱን ያንቀዋል። ከታች የሚለጠጥ ጠርዝ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልወድም። የዚህ ዲዛይን ውበቱ ጫፉ ራሱ መወዝወዙ ነው። 4 ረድፍ ሁሉንም ቀጥ ሠርታችሁ ወደ ሞገዱ ግቡ።

አከፋፈሉ፦ 5 ዓይን ሜዳ (ፊቱን ቀጥ፣ ጀርባውን ግልብጥ)፣ 5 ሞገድ፣ 5 ዓይን ሜዳ። የዳሩ ሜዳ ስፋቱን ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ያደርሰዋል፣ ኋላ ስትሰፉም ቀዳዳ ላይ አትወድቁም። ለወፈረ ሰው ሞገድ ከመጨመራችሁ በፊት ዳሩን ጨምሩ፤ አንድ ሞገድ ባንዴ 9 ሳንቲ ሜትር ይዘላል።

አሁን ዋናውን ምክር ስሙኝ። በየ4ቱ ረድፍ መጨረሻ 100ውን ቁጠሩ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ በልብስ መርፌ ቀጭን የተለየ ቀለም ክር በሁሉም ዓይን ውስጥ አሳልፋችሁ ተዉት። ስህተት ቢገኝ የምትፈቱት እስከዚያ ክር ብቻ ነው። ባለ ቀዳዳ ሥራ ያለዚህ ከተፈታ ዓይኑን መልሶ መልቀም ጭንቅ ነው። አንድ ጊዜ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 99 ቆጥሬ፣ «አንድ ዓይን ምን ያመጣል» ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ሞገዱ ወደ ጎን እየሄደ ነበር።

38 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሞገዱን አቁሙ። ከዚያ በላይ ፊቱን ቀጥ፣ ጀርባውን ግልብጥ፣ ሜዳ ብቻ። አንገት በሞገድ መሃል መቅረጽ ለጀማሪ ራስ ምታት ነው። 55 ሳንቲ ሜትር ላይ ዝጉ።

ፊት

እንደ ጀርባው ነው፣ እስከ 48 ሳንቲ ሜትር። እዚያ ላይ የመሃሉን 20 ዓይን ዝጉና ሁለቱን ወገን ለየብቻ ሥሩ። በአንገት በኩል በየቀጡ ረድፍ አንድ አንድ ዓይን ቀንሱ፣ 8 ጊዜ። ለእያንዳንዱ ትከሻ 32 ዓይን ይቀራል። 55 ላይ ዝጉ።

እጅጌ

ሜዳ ይሁን፤ ሁሉ ነገር ሞገድ ሲሆን ዓይን ይደክማል። በቀጭኑ ሽቦ 44 ዓይን ጀምሩና 2 ቀጥ 2 ግልብጥ እያላችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ሥሩ። በወፍራሙ ቀጥሉ። በየ4 ረድፉ ከሁለቱም ዳር አንድ አንድ ጨምሩ፣ 80 እስኪሞላ። ከዚያ 43 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ በቀጥታ። የዚህ ሹራብ ትከሻ ወደ ክንድ ስለሚወርድ፣ እጅጌውን ከዚያ ጀምራችሁ ለኩ።

ማጠብና መስፋት

ከሽቦ ሲወርድ የተጨማደደ ነገር ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሻምፑ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። አትጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ርገጡት። ፍራሽ ላይ ዘርግታችሁ በማይዝግ ስፒል በልኩ ወጥሩት። የታችኛውን ጫፍ እያንዳንዱን ሞገድ በየራሱ ስፒል ጎተት አድርጉት። እስኪደርቅ አይነካ። አክሪሊክ ከሆነ ካውያውን ሳታስነኩ ከላይ እንፋሎት ብቻ ስጡት፤ ከነካው ይቀልጣል።

አንዱን ትከሻ ስፉ። በቀጭኑ ሽቦ ከአንገት ዙሪያ 84 ዓይን አንሱ፣ 2 ቀጥ 2 ግልብጥ 3 ሳንቲ ሜትር ሥሩና ላላ አድርጋችሁ ዝጉ። ጭንቅላት ማለፍ አለበት። ሌላውን ትከሻ ስፉ። ከትከሻው ስፌት ወደ ፊትም ወደ ኋላም 20 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ እጅጌውን ግጠሙ፣ ቀጥሎ ብብቱንና ጎኑን። የተረፉትን ጫፎች በሜዳው በኩል ደብቁ እንጂ በቀዳዳው አታሳልፉ።

ሲያልቅ መስቀያ ላይ አትስቀሉት፣ ይረዝማል። አጥፋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።