ምስጥ ከቤት መግባቱን ከአፈሩ ማወቅ

«እንደ አሸን ፈላ» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎንደር ውስጥ ክረምቱ ሊገባ ሲል አሸን አመሻሽ ላይ መብራት ከቦ ይርመሰመሳል፤ ጠዋት የረገፈውን ክንፍ ጠርገን እንጥላለን። አሸን ግን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ስለሆነ፣ ክንፉ ከቤት ውስጥ በመስኮት ሥር ተከማችቶ ከተገኘ፣ መንጋው ከወለሉ ወይም ከግድግዳው ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ከመጥረግ በፊት መመርመር ይገባል። ክንፋም ጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ የፊት ክንፎቹም ከኋለኞቹ የረዘሙ ናቸው፤ የአሸን ወገብ ወፍራም ሲሆን አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው።

ክንፍ የሌለው ሠራተኛ ምስጥ ነጣ ያለና ለስላሳ ሲሆን ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው፣ ከመሬት ወደ እንጨት የሚጓዘው አፈርን በምራቁ አጣብቆ በሠራው የተሸፈነ መንገድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዓይንዎ መጀመሪያ ማረፍ ያለበት እንጨቱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ የእርሳስ ያህል ስፋት ያለው የአፈር መስመር ሽቅብ ሲወጣ ካዩ፣ ከመካከሉ የጣት ርዝመት ያህል ብቻ ያፍርሱ። ነጫጭ ነፍሳት ከተራወጡ፣ ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ ክፍተቱ ጠቆር ባለ እርጥብ አፈር ተደፍኖ ከተገኘ፣ መንገዱ በሥራ ላይ ነው። ባዶ መሆኑ ግን ምስጡ ለቅቆ ሄዷል ማለት አይደለም፤ ሌላ መንገድ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። መስመሩን በሙሉ በመጥረጊያ ማንሳት፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቢሆንም፣ ምልክቱን ከማጥፋት በቀር አይጠቅምም።

የጭቃ ቤት ቋሚዎች በአፈር የተቀበሩ፣ ጭቃውም በጭድ የተቦካ ስለሆነ ለምስጥ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ቋሚውን ከሥሩ በቢላዋ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ በስለቱ ጫን ይበሉት፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ በአፈር የተሞላ ቦይ ሊሆን ይችላል። ክብ ቀዳዳና ዱቄት ካገኙ ግን ያ የነቀዝ ሥራ ነው። የድንጋይ ቤት ባለቤትም መዘናጋት የለበትም፤ ምስጥ ድንጋይ ባይበላም በስንጥቁ አልፎ የበር መቃን ይደርሳል።

የምስጡ ጎጆ ከቤቱ ርቆ ከመሬት በታች ሊገኝ ስለሚችል በግቢው ኩይሳ አለመታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ከግድግዳ ተጠግቶ የተቆለለ ማገዶ፣ ያልተነቀለ ጉቶና ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ የሚያረጥበው አፈር ምስጡን ወደ ቤቱ ያቀርቡታል። ማገዶውን ሲያነሱ የታችኛውን ፍልጥ ገልብጠው ይመልከቱ፤ በእርጥብ አፈር ተለብጦ ካገኙት፣ ፍተሻውን ከዚያው ጀምረው እስከ ግድግዳው ይቀጥሉ።