ክፍሉ ባለቤት አለው፦ ከውጭ መጥተው ለሚያስተምሩ ልጆቻችን

ከአሜሪካም ከእስራኤልም መምህርነት የሚያጠኑ ወጣቶች ለጥቂት ሳምንታት በነጻ ሊያስተምሩ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የኛው ልጆች ናቸው፤ አማርኛን ከእናታቸው ጓዳ የለመዱ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ግን የሚመጣው ሰው ይለያያል እንጂ ስህተቱ ያው ነው።

የመጀመሪያው ሐምሌ ላይ መምጣት ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እናንተ ጋ የሰመር እረፍት ሲሆን እኛ ጋ ክረምት ነው፤ ሰኔ መጨረሻ የተዘጋ ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ነው። አንዷ ዝናብ እየመታት ሻንጣዋን ጎትታ ስትመጣ የተቀበሏት ጋሼ ዘበኛው ብቻ ነበሩ። ሻይ ጋብዘው ሸኟት። ሰዓቱንም አትርሱ፦ ዳይሬክተሩ "ሁለት ሰዓት ሰልፍ አለ" ካሏችሁ በናንተ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ተጣጥቦ የመጣ አይቻለሁ።

ደብዳቤ ሳይዙ መምጣትም አለ። አጎታችሁ ዳይሬክተሩን ማወቁ አይበቃም። ማህተም ያረፈበት ወረቀት ከዩኒቨርሲቲያችሁ አጽፋችሁ መጀመሪያ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

ቋንቋውንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንደኛ ደረጃ በየአካባቢው ቋንቋ ነው የሚሰጠው። ኦሮሚያ ውስጥ ሄዳችሁ ሒሳብን በአማርኛ ልታስተምሩ ብትዘጋጁ ልጆቹ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል።

ለኔ ትልቁ ስህተት ግን መምህሩን ከክፍሉ ማስወጣት ነው። ማንም "ውጣ" አይለውም። እንግዳው ጠመኔውን ሲቀበለው በይሉኝታ ወጥቶ መምህራን ክፍል ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ጨዋታ፣ መዝሙር፣ ባለቀለም ወረቀት ይሆናል። ልጆቹ ይፈነድቃሉ። እንግዳው ሲሄድ መምህሩ ይመለሳል፤ ምዕራፉ ባለበት ቆሟል፣ የፈተናው ቀን ግን አልተራዘመም። 72 ልጅ፣ ሦስት ሦስት በአንድ ዴስክ፣ ያውም በፈረቃ ይዞ የኖረ ሰው እኮ የሚያውቀው ነገር አለ! የመጀመሪያውን ሳምንት ከኋላ ተቀመጡ። ደብተር በማረም አግዙት። የመምህሩን መምሪያ ተውሳችሁ አንብቡ። ከዚያ አብራችሁ አስተምሩ። በ1957 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ መላክ ሲጀምር የብዙዎቹ ሥራ ማስተማር ነበር፤ የሚቆዩትም አንድ ሙሉ ዓመት ነበር። በሦስት ሳምንት ክፍል መረከብ ከየት የመጣ ነው?

"ገባችሁ?" ብሎ ማለፍም አደገኛ ነው። 72 ልጅ በአንድ ድምፅ "አዎ ቲቸር!" ይላችኋል። እንግዳ ፊት "አልገባኝም" ማለት ያሳፍራላ። አንዱ ክፍልፋይ አስተምሮ፣ በ"አዎ!" ተደስቶ ወጣ። ደብተር ስንሰበስብ ግማሹ ክፍል 1/2 ሲደመር 1/3 "2/5" ብሎ ጽፏል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረውታል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉና እየዞራችሁ ደብተር እዩ። ደግሞ ልጁ ስትጠይቁት አየር ወደ ውስጥ ሳብ ቢያደርግ አልደነገጠም፤ "አዎ" እያላችሁ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሲመልስም አክብሯችሁ ነው።

ስጦታ በእጅ አታድሉ። 40 እስክሪብቶ ለ72 ልጅ ሲታደል ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ እኔ ያስታረቅኳቸው ሁለት ልጆች ሸሚዛቸው ተቀዶ ነበር። ለዳይሬክተሩ ወይም ለወላጅና መምህራን ኅብረት ስጡ። ደብተሩንም ከዚያ አትሸከሙ፣ እዚሁ ገበያ አለ።

ልጆቹንም ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ወላጅ ይፍቀድ።

ቃል ስለመግባት ልጨምር። አንዱ ሲሰናበት "ኳስና መጻሕፍት እልክላችኋለሁ" አለ። በኅዳር ነው። ከአምስተኛ ክፍል አንዷ ልጅ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰኞ ሰኞ ሰልፍ ሲበተን ትጠጋኝና "ቲቸር፣ ደረሰ?" ትለኝ ነበር።