አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲገጠም የትኛው ብሎን ይተካል፣ የትኛው አይነካም

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ አንዱ ብሎን በርዝመቱ፣ ሌላው በራንዴላው ዘይት ይዘጋል። የስናፕ ሪንግ (በጎድጓዳ መስመር ውስጥ ተወጥሮ ክፍሎችን የሚይዝ ክፍት የብረት ቀለበት) ውፍረት ደግሞ የፍሪሲዮኖቹን፣ ማለትም ማርሹን የሚይዙትን ተፋታጊ ሳህኖች፣ ክፍተት ይወስናል። ስለዚህ «ገባ፣ ጠበቀ» የሚለው መለኪያ እዚህ አይሠራም። የጥርሱ ዓይነት፣ ርዝመቱና ጥንካሬው ከተመሳከረ የውጭውን በሌላ መተካት ይቻላል። የውስጡ ጉዳት ግን የሚታየው ሁሉም ተገጥሞ መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው።

ጥንቃቄው ሲፈታ ይጀምር። ካርቶን ላይ የቫልቭ ቦዲውን (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ቅርጽ ሥሉ፤ ብሎኖቹን እየፈታችሁ እያንዳንዱን በነበረበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ሰኩት። ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን አይለይም። ረጅሙ አጭር ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ታች ይነካና ጭንቅላቱ ሳይጨብጥ የጠበቀ ይመስላል፤ ዘይቱ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያልፋል፣ ማርሹም ይንሸራተታል ወይም ዘግይቶ ይገባል። አጭሩ ረጅም ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይይዝና አሉሚኒየሙን ነቅሎት ይወጣል። አሉሚኒየም ውስጥ የገባው የጥርስ ርዝመት ከብሎኑ ውፍረት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ለኤም 6 (6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ብሎን) ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

የድሮ አሜሪካ ካምቢዮዎች በኢንች ብሎን የተሠሩ ናቸው፤ ብዙ ጥርስ የሚበላውም እዚህ ነው። 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ኤም 8 ይመስላል። የመጀመሪያው ግን በአንድ ኢንች 18 ጥርስ አለው፤ በጥርስና በጥርስ መካከል 1.41 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው ኤም 8 ደግሞ 1.25 ነው። አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይከብዳል፤ በቁልፍ ከገፋችሁት የቀዳዳው ጥርስ ያልቃል። ማንኛውም ብሎን ጭንቅላቱ እስኪያርፍ በጣት መግባት አለበት። ከተጠራጠራችሁ ከዋናው ብሎን ጋር ጥርስ ለጥርስ ገጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን ካለፈ አይመሳሰሉም።

የቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ክፍል) ብሎኖች ላይ ቀልድ የለም። ረጅም ብሎን የኮንቨርተሩን ፊት ወደ ውስጥ ገፍቶ ያጎብጠዋል፤ ሎክ አፕ (ኮንቨርተሩን ከሞተሩ ጋር በቀጥታ የሚቆልፍ ፍሪሲዮን) ባለው ኮንቨርተር ውስጥ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ማረፊያ እዚያው ጀርባው ላይ ነው። ራንዴላ ደራርቦ ማሳጠርም መፍትሔ አይደለም። ጭንቅላቱ ላይ የጥንካሬ ምልክት፣ ማለትም 8.8፣ 10.9 ወይም በኢንች ብሎን ሦስት ወይም ስድስት መስመር የሌለበትን ለዚህ ቦታ አታስቡት፤ ያለውም ቢሆን ከዋናው ማነስ የለበትም። የማይዝገው ብሎን ያምራል፤ የተለመደው ኤ2-70 ግን ከ8.8 ይደክማል።

ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በሁለቱ ዶዌል ፒኖች (ማዕከሉን በሚያስተካክሉት ልሙጥ ፒኖች) ላይ በእጅ ተገፍቶ መግጠም አለበት። ካልገጠመ በብሎን አትሳቡት፤ ኮንቨርተሩ በካምቢዮው ፊት ያለው የዘይት ፓምፕ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልተቀመጠምና ፓምፑ ይሰበራል። በትክክል ሲቀመጥ ኮንቨርተሩ ወደ ፍሌክስ ፕሌቱ (ሞተሩ ላይ ወዳለው ኮንቨርተሩ የሚታሰርበት ሳህን) ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደፊት ይሳባል። የጠፋ ዶዌል ፒንን ብሎን አይተካውም፤ ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ስለሚል ማዕከሉ ይዛነፍና የፓምፑን ቡሽንግና ዘይት ማገጃውን ይበላል።

የፊት ፓምፕ ብሎኖች ብዙ ጊዜ ጎማ ወይም ለስላሳ ብረት ያለበት ራንዴላ አላቸው። በተራ ራንዴላ ከታሰሩ ዘይት በጥርሱ በኩል ይወጣል፤ ከዚያ ዘይት ማገጃው ይወቀስና ካምቢዮው በከንቱ እንደገና ይወርዳል።

በስናፕ ሪንግ ፋንታ የታጠፈ ሽቦ፣ በስፕሪንግ ፒን (ቀዳዳ ውስጥ ተጨምቆ በሚይዝ ክፍት የብረት ፒን) ፋንታ ምስማር ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም። አንዳንዱ ሪንግ በውፍረት እየተመረጠ የሚገባ ነው፦ ከቀጠነ ማርሹ ዘግይቶ ይይዛል፣ ከወፈረ ፍሪሲዮኑ እየተፋተገ ይቃጠላል። በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ቀጭን የብረት ቅጠል) ለክታችሁ ከካምቢዮው መጽሐፍ ጋር አመሳክሩ። ሲሊኮንና ቴፍሎን ቴፕም ተበጣጥሰው ቫልቭ ይይዛሉ። ኳሶችንና ራንዴላዎችን ለጊዜው ለማጣበቅ ቫዝሊን ተጠቀሙ፤ በሙቅ ዘይት ይቀልጣል፣ ግሪስ ግን ይቀራል።

የተበላ ጥርስ በማጣበቂያ አይድንም፤ ሄሊኮይል (አዲስ ጥርስ የሚሆን የተጠቀለለ ሽቦ) ያስፈልጋል። ለኤም 6 በ1 ሚሊ ሜትር ጥርስ፣ በ6.3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስታችሁ በራሱ ታፕ ጥርስ አውጡ። ሽቦው ከገባ በኋላ የምትሰበረውን ጫፉን ካላወጣችኋት ካምቢዮው ውስጥ ትቀራለች። በወዲያኛው በኩል ያልተበሳ ቀዳዳ ውስጥ የቆመ ዘይትንም በአየር አስወጡ፤ ብሎኑ ሲጫነው አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል።

የቫልቭ ቦዲ ኤም 6 ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ወደ 10 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ከመጽሐፉ ይወሰድ። የጎማ ብሎን የሚያጠብቀው ትልቁ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካ ቁልፍ) ለዚህ አይሆንም። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር አጥብቁ።

የሽቦ መያዣና የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮን ጥርሱ የሚስማማ ማንኛውም ብሎን ይይዛቸዋል። በቤት የተሠራ መሪ ፒንም ጥሩ ነው፦ የሁለት ረጅም ብሎኖችን ጭንቅላት ቆርጣችሁ ጫፋቸው ላይ የካቻቢቴ መስመር አውጡ፤ ፓምፑን ወይም ካምቢዮውን በእነሱ ላይ አንሸራትታችሁ ካስገባችሁ በኋላ ፈትታችሁ በዋናው ብሎን ተኩ።