በወረርሽኝ ወቅት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች ለድንገተኛ ሁኔታ የሚዘጋጁትና የሥራ ጫናን የሚቋቋሙት እንዴት ነው?

ወረርሽኝ ሲነሳ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሚሠራ ነርስ ሁለት ነገር ይጠበቃል፤ አንደኛው በማንኛውም ደቂቃ ለሚከሰት ድንገተኛ አደጋ ዝግጁ ሆኖ መገኘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለወራት በሚዘልቅ ጫና ውስጥ ጤናውንና ሙያዊ ብቃቱን ጠብቆ መቆየት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተለያይተው ይታያሉ፤ ዝግጅቱ ለመሣሪያና ለመመሪያ፣ ጫናን መቋቋም ደግሞ ለሥነ ልቦና ባለሙያ ይተዋል። ይህ ጽሑፍ ግን አንድ ላይ ያያቸዋል፤ ምክንያቱም የኦክስጅን ግፊት በድንገት ቢወርድ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ ነርስ የሚሸከመው ፍርሃት፣ ‹‹ያኔ ምን አደርግ ይሆን?›› እያለ ወደ ሥራ ከሚገባው ነርስ ፍርሃት በእጅጉ ያነሰ ነው።

1. የሕሙማኑ ቁጥር ከማሻቀቡ በፊት

መጀመሪያ የመከላከያ ማስክዎን ያረጋግጡ። ኤን-95 የሚባለው ማስክ በአየር ላይ ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ቢያንስ 95 በመቶውን እንዲያስቀር የተሠራ ቢሆንም፣ ፊት ላይ በትክክል ካልገጠመ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ለእርስዎ ፊት የሚስማማው ዓይነትና መጠን በፍተሻ ሊለይ ይገባል። ከዚያ በኋላም ማስኩን ባደረጉ ቁጥር በሁለት እጅዎ ሸፍነው በኃይል ይተንፍሱ፤ በአፍንጫ ወይም በጉንጭ በኩል አየር ሲያፈተልክ ከተሰማዎት አስተካክለው እንደገና ይሞክሩ። ጺም ማስኩ ከቆዳ ጋር እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ በዚህ ክፍል ለሚሠሩ ወንዶች ጺምን መላጨት የጥንቃቄው አካል ነው።

ጋዋን፣ መነጽርና ጓንት መልበስን ማንም በቀላሉ ይለምደዋል። ልምምድ የሚፈልገው ማውለቁ ነው፤ ራስን የመበከል አደጋው ከፍ የሚለው ሰው ደክሞትና ለመውጣት ቸኩሎ በሚያወልቅበት ሰዓት ነውና። ጓንትና ጋዋን አስቀድመው፣ ማስክ ደግሞ ከሕሙማኑ ክፍል ከወጡ በኋላ በመጨረሻ ይወልቃሉ። በየመካከሉ እጅን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ከፍ ባለ ድምፅ የሚያነብልዎትና የሚመለከትዎት ባልደረባ ይኑር።

በዚሁ ጊዜ የቤትዎንም ጉዳይ ይቁረጡ፦ እርስዎ ቢታመሙ ወይም ለብቻዎ እንዲቆዩ ቢደረግ ልጆችን ወይም አረጋውያን ወላጆችን ማን እንደሚይዝ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። ይህ ያልተቋጨ ሐሳብ ሆኖ ከቆየ ሕመምተኛ አጠገብ ቆመውም አይለቅዎትም።

2. ፈረቃ ሲረከቡ

በርክክብ ጊዜ ከተሰናባቹ ነርስ ጋር አልጋው አጠገብ ቆመው የሕመምተኛውን ሁኔታ፣ የመተንፈሻ ቱቦው የገባበትን ጥልቀት፣ በመስጠት ላይ ያሉትን መድኃኒቶችና የቬንቲሌተሩን፣ ማለትም ሕመምተኛውን የሚያስተነፍሰውን ማሽን፣ ቅንብር አንድ በአንድ ያረጋግጡ። ቀጥሎ እጅዎን ወደ ዕቃዎቹ ያዙሩ። በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ አምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት፣ ከነማስኩና ከነማጣሪያው መኖር አለበት። ጭመቁትና ይመልከቱ፤ በአግባቡ ይሠራል? አክታና ፈሳሽ የሚስበውን የሰክሽን ማሽን አብርተው ቱቦውን በጣትዎ ይዝጉና የመሳብ ግፊቱ መጨመሩን ይዩ። የአላርሞቹ ወሰን ለዚህ ሕመምተኛ በሚስማማ መልኩ መስተካከሉን ያረጋግጡ፤ ባለፈው ሕመምተኛ መጠን የተተወ አላርም ወይ ያለምክንያት ይጮኻል፣ ወይም መጮህ ሲገባው ዝም ይላል።

ኦክስጅን በሲሊንደር የሚሰጥ ከሆነ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ራስዎ ያስሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሲሊንደሩን የውኃ ይዘት (በውኃ ቢሞላ የሚይዘውን ሊትር) በግፊት መለኪያው ላይ በሚታየው ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያባዙና በደቂቃ ለሚፈሰው ሊትር ያካፍሉ። ለምሳሌ ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር 120 ባር ቢያሳይ በውስጡ 1,200 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለ ማለት ነው። በደቂቃ 10 ሊትር ቢፈስ 120 ደቂቃ ይቆያል፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው ጠብታ መጠበቅ ስለማይገባ ከ90 ደቂቃ በፊት እንዲቀየር ያቅዱ። ውጤቱን ሰዓት አድርገው፣ ‹‹ከዚህ ሰዓት በፊት ይቀየር›› ብለው በሚታይ ቦታ ይጻፉት። ይህን ያደረገ ነርስ በየአምስት ደቂቃው መለኪያውን ለማየት አይባክንም።

3. አላርሙ ሲጮኽ

የመጀመሪያው ደንብ ከመሣሪያው በፊት ሕመምተኛውን ማየት ነው። ደረቱ ይነሳል? መልኩ ተለውጧል? በሰውነቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን እየወረደ ከሆነ እርዳታ ይጥሩና አራቱን የተለመዱ ምክንያቶች በቅደም ተከተል ይፈትሹ፦ ቱቦው ከቦታው ተንቀሳቅሶ እንደሆነ፣ በአክታ ወይም በመታጠፍ ተዘግቶ እንደሆነ፣ በሳንባው ዙሪያ አየር ተጠራቅሞ እንደሆነ፣ በመጨረሻም መሣሪያው ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነ። ችግሩ ከመሣሪያው ነው ብለው ከጠረጠሩ ወደ አምቡ ባግ ይሻገሩ። በሽታው በአየር የሚተላለፍ ከሆነ ግን ቱቦውን ከማሽኑ ከመንቀልዎ በፊት ቬንቲሌተሩን ያቁሙ፣ ቱቦውን በመቆንጠጫ ይዝጉ፣ በቱቦውና በአምቡ ባጉ መካከልም ማጣሪያ መኖሩን ያረጋግጡ።

ከሁሉም የሚከብደው ሕመምተኛው እየተቸገረ በመስታወት በኩል እያዩ ሙሉ መከላከያ እስኪለብሱ መዘግየት ነው። ጨካኝነት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሳይለብስ ዘሎ የገባ ነርስ ቢታመም በሚቀጥሉት ቀናት የሚከታተላቸው ሕሙማን ሁሉ ያጡታል። መፍትሔው በየፈረቃው ለድንገተኛ ጥሪ ለብሶ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ መመደብ ነው። በተጨማሪም ልብ ቢቆም ደረት የሚጫነው ማን፣ መተንፈሻውን የሚይዘው ማን፣ መድኃኒት የሚሰጠው ማን፣ ሰዓት የሚመዘግበው ማን እንደሆነ በፈረቃው መጀመሪያ በስም ይነገር። ማስክ ድምፅን ስለሚያፍን ትእዛዝ የተቀበለ ሰው መልሶ ይድገመው፤ ‹‹አድሬናሊን 1 ሚሊግራም ሰጥቻለሁ›› እንደ ማለት።

4. የሰው ኃይል ሲያጥር

ከሌላ ክፍል የመጡ ነርሶችን ብቻቸውን አልጋ ላይ መመደብ ለሕመምተኛውም ለነርሱም አደገኛ ነው። ይልቁንስ ልምድ ካለው የጽኑ ሕሙማን ነርስ ጋር ተጣምረው፣ ሥራው በተግባር ዓይነት ይከፋፈል፤ መጤው ነርስ ሰውነት ማጠብን፣ ማገላበጥን፣ የሚያውቀውን መድኃኒት መስጠትን ይያዝ፣ ቬንቲሌተሩና የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶቹ ግን በባለ ልምዱ እጅ ይቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ባመጣው ዘዴ በርካታ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ ለሕሙማን በእጃቸው አየር በመስጠት ሕይወት አድነዋል። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል መነሻ ከዚያ ልምድ ጋር ይያያዛል። ያ ሥራ የተቻለው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ግልጽ ተግባር ተሰጥቶት ስለነበር ነው።

5. በፈረቃው መካከልና ከፈረቃ በኋላ

እረፍት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሳይሆን በፕሮግራም ላይ የሚጻፍ ይሁን፤ ተተኪው በስም ካልታወቀ እረፍት የለም ማለት ነውና። ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ለመተኛት ካሰቡ በፈረቃው ሁለተኛ አጋማሽ ቡና አይጠጡ፤ ካፌይን ከገባው ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ከሥራ ሲወጡ የሚረብሽዎትን ነገር ለሁለት ይክፈሉት። ሊስተካከል የሚችለውን፣ ለምሳሌ በተሳሳተ ቦታ የተቀመጠ ዕቃን፣ ጽፈው ለክፍሉ ኃላፊ ያስረክቡ፤ ከዚያ በኋላ እርስዎ የሚሸከሙት አይደለም። ሊስተካከል የማይችለው ሐዘን ግን፣ በተለይ ቤተሰቡ ሳያየው የሞተ ሰው ሐዘን፣ በምክር ብዛት አይወገድም። እዚያ የነበረ ባልደረባ አጠገብ መቀመጥ፣ መናገር ሲፈልጉ መናገር፣ ካልፈለጉም ዝም ማለት ይረዳል። ከከባድ ክስተት በኋላ ሁሉም ስሜቱን በዝርዝር እንዲናገር የሚያስገድድ የአንድ ጊዜ ስብሰባ አይመከርም። ሥራው እንዴት ሄደ፣ ምን ይሻሻል የሚለው አጭር ውይይት ግን ጠቃሚ ነው።

ነርስን ከሚያቆስሉት ነገሮች አንዱ ትክክል ነው ብሎ የሚያምነውን እንክብካቤ በዕቃ ወይም በሰው እጥረት ምክንያት መስጠት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ቬንቲሌተር ለማን ይሰጥ የሚለው ውሳኔ አልጋ አጠገብ በቆመው ነርስ ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም፤ በጽሑፍ በተቀመጠ መስፈርት፣ በተሰየመ ቡድን ይወሰን። የአተነፋፈስ ልምምድና የመዝናኛ ክፍል መልካም ቢሆኑም፣ ለአምስት ሕሙማን አንድ ነርስ መድቦ እነርሱን ማቅረብ አመራሩን ከኃላፊነቱ አያድነውም።

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ የባለሙያ እርዳታ ይጠይቁ፦ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ወይም ተስፋ መቁረጥ፣ ተደጋጋሚ ቅዠት፣ ወደ ክፍሉ ለመግባት የሚከለክል ፍርሃት፣ ለመተኛት በአልኮል ወይም በመድኃኒት መደገፍ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና ሕክምና ያግኙ።

6. ወረርሽኙ ሲበርድ

የሕሙማኑ ቁጥር ሲቀንስ የጎደለውን ዕቃ ይተኩ፣ የማረጋገጫ ዝርዝሩን ከተገኘው ልምድ ጋር ያስተካክሉ፣ የተጠራቀመውን የዓመት እረፍት በተራ ይውጡ። በጥድፊያው ወራት ብርቱ ሆነው የታዩ ባልደረቦች ችግራቸው የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ጸጥታው ከተመለሰ በኋላ ስለሆነ፣ የክፍሉ ኃላፊ እያንዳንዱን ነርስ ለብቻው አግኝቶ እንዴት እንዳለ የሚጠይቅበትን ቀጠሮ ለተከታታይ ወራት በካላንደር ላይ ይያዝ።