አምራቹ በኦንላይን እንዳይሸጥ የገደበውን ፋውንቴን ፔን ከደሴ ሆኖ እንዴት መግዛት ይቻላል?

ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ፣ በስልኩ የአንድ ውጭ አገር መደብር ገጽ ከፍቶ፣ ፋውንቴን ፔን፣ ማለትም ቀለም የሚሞላ ብዕር፣ መርጦ ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱ ሊያጋጥመው ይችላል። ወይ ብዕሩ ወደ እርስዎ አገር አይላክም ይባላል፤ ወይ ዋጋው ተሸፍኖ ለማየት መጀመሪያ ወደ ቅርጫት እንዲያስገቡት ይጠየቃሉ፤ ወይ ደግሞ በሌላው ዕቃ ሁሉ ላይ የሚሠራው ቅናሽ በዚህኛው ብዕር ላይ አይሠራም። ብዙ ገዢ ይህን የድረ ገጹ ብልሽት ወይም የካርዱ ችግር አድርጎ ይወስደውና ደጋግሞ ይሞክራል። ይሁን እንጂ ከልካዩ ብዙ ጊዜ መደብሩ ሳይሆን ብዕሩን የሠራው ኩባንያ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራ ክልከላው ከማን እንደመጣና የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው።

መለያው ቀላል ነው። በዚያው መደብር ውስጥ የሌላ አምራች ብዕር ወይም አንድ ማስታወሻ ደብተር መርጦ፣ የመላኪያ አድራሻውን ኢትዮጵያ ብሎ መሙላት ይበቃል። ደብተሩም ብዕሩም ካልተላከ መደብሩ ራሱ ወደ እኛ አይልክም ማለት ነው፤ መፍትሔውም ሌላ መደብር መፈለግ ብቻ ይሆናል። ደብተሩ ተልኮ ያ አንድ ስም ያለው ብዕር ብቻ ከቀረ ግን፣ አምራቹ ወይም የአካባቢው አከፋፋይ መደብሩን ከክልልህ ውጭ አትሽጥ ብሎ በውል አስሮታል ተብሎ ቢገመት አያሳስትም። በእንዲህ ያለው ጊዜ መደብሩን መለመን ብዙም አይጠቅምም፤ ውሉን ያፈረሰ መደብር ዕቃው ሊቋረጥበት ስለሚችል ለአንድ ብዕር ብሎ አይደፍርም።

የተሸፈነው ዋጋ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። እዚህ ላይ አምራቹ የገደበው መደብሩ የሚያስከፍለውን ዋጋ ሳይሆን በአደባባይ የሚያስተዋውቀውን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። አሠራሩ የተለመደው በተለይ በአሜሪካ ሲሆን፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 በኮልጌት ጉዳይ አምራች የሽያጭ ዋጋውን አስቀድሞ አስታውቆ፣ ያንን ለማይጠብቅ ነጋዴ ዕቃ አልሰጥም ማለት እንደሚችል ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በሊጂን ጉዳይ፣ አምራችና ቸርቻሪ በዝቅተኛ ዋጋ ላይ መስማማታቸው በራሱ ሕገ ወጥ መሆኑ ቀርቶ እንደየሁኔታው እንዲመዘን አድርጓል። ለገዢው ከዚህ የሚተርፈው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፦ ገጹ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ስለሚችል፣ ለመደብሩ በኢሜይል አጭር መልእክት ጽፎ ለዚህ ብዕር የምትሰጡኝ ዋጋ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። በአደባባይ መለጠፍ ያልቻሉትን ዋጋ ለጠየቀ ሰው የሚናገሩ መደብሮች አሉ።

አምራቾቹ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ ማወቅም ለግዢው ይረዳል። ፋውንቴን ፔን እንደ ተራ እስክሪብቶ አይደለም፤ ጫፉ ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም እየተባለ ይለያያል፣ የጃፓን ቀጭን ከጀርመን ቀጭን ይበልጥ ይቀጥናል፣ ሰው በእጁ ይዞ ካልሞከረው በቀር የሚስማማውን አያውቅም። ይህን የሚያስሞክር መደብር ብልቃጥ ቀለም ይከፍታል፣ ጫፍ ያጥባል፣ የማይሸጡትን መጠኖች ሁሉ ደርድሮ ይይዛል። እኔ ራሴ በጽሕፈት መሣሪያ ንግድ ላይ ሳለሁ፣ አንድ ደንበኛ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሦስት ብዕር ሲሞክር ቆይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ አመስግኖኝ ወጣና ያንኑ ብዕር በቴሌግራም ከአዲስ አበባ አስመጣ። አልተቀየምኩትም ብል ውሸት ይሆናል። ለአምራቹ እንዲህ ያለው ነገር በሺህ ተባዝቶ የሚደርሰው ጉዳይ ነው፤ የሚያስሞክረው ሱቅ ከተዘጋ ውድ ብዕር የሚሸጥበት ቦታ ያጣል። ይህ ምክንያት እውነት የመሆኑን ያህል ዋጋን ከፍ አድርጎ ለማቆየት የሚመች ሽፋን መሆኑም አይካድም።

በአውሮፓ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በፒየር ፋብር ጉዳይ፣ አምራች እውቅና የሰጠውን ሻጭ ጨርሶ በኢንተርኔት እንዳይሸጥ መከልከሉ ውድድርን የሚገድብ ነው አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ግን በኮቲ ጉዳይ፣ የቅንጦት ዕቃ አምራች ሻጮቹ በሌላ ኩባንያ የገበያ መድረክ ላይ እንዳይሸጡ መከልከል እንደሚችል ፈቀደ። ሁለቱም ጉዳዮች የመዋቢያና የሽቶ ቢሆኑም ብዕርንም ይመለከታሉ። ከዚህ የተነሣ እውቅና ያለው ሻጭ በራሱ ድረ ገጽ ሊገኝ ሲችል፣ ሁሉም ሰው በሚሸጥበት ትልቅ መድረክ ላይ ግን ላይኖር ይችላል። በዚያ መድረክ ላይ ሞንብላንክ የተባለውን ውድ ብዕር በግማሽ ዋጋ ያየ ገዢ ከመክፈሉ በፊት የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍቶ፣ የሻጮች ዝርዝር ውስጥ ያ ስም ይኑር አይኑር ማየት ይኖርበታል።

በዝርዝሩ ውስጥ ያልተገኘ ሻጭ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። የፓይለት፣ የሴለርና የፕላቲነም ብዕሮች በጃፓን ውስጥ የሚሸጡበት ዋጋ በአሜሪካ ከሚሸጡበት ያነሰ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ከጃፓን ገዝተው ወደ ሌላ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ። ብዕሩ ኦሪጅናል ነው፤ የሚጎድለው የአምራቹ ዋስትና ነው። ብዙ አምራቾች ዋስትናውን የሚያከብሩት እውቅና ያለው ሻጭ ቀን ጽፎ ማኅተም ያደረገበት ካርድና ደረሰኝ ሲቀርብላቸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ያ ዋስትና ለደሴ ሰው ምን ያህል ያወጣል የሚለው ይሆናል። በእኔ ግምት ሃምቡርግ ላለ ሰው ከሚያወጣው በእጅጉ ያንሳል፤ የተበላሸ ብዕር ለጥገና ወደ ጀርመን ወይም ወደ ጃፓን ለመላክና መልሶ ለመቀበል የሚወጣው ወጪና የሚጠፋው ጊዜ ርካሽ ከሆነው ብዕር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጫፉ ተራ ብረት ለሆነ ብዕር ዋስትናውን ትቶ ርካሹን መግዛት ተገቢ ነው። የወርቅ ጫፍ ላለውና ቀለሙን በራሱ ፒስተን ለሚስበው፣ እንደ ፔሊካን ኤም 800 ላለው ብዕር ግን እውቅና ላለው ሻጭ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም።

ትልቁ ፍርሃት መሆን ያለበት ፎርጅዱ ነው። ላሚ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እየተሠራ ያለ ብዕር ሲሆን እጅግ የሚመስሉት ኮፒዎች አሉት፤ ኦሪጅናሉ በቀፎው ጫፍ አካባቢ ላይ የአምራቹ ስም ተቀርጾበታል፣ በብረት ጫፉም ላይ ስሙና የመጠኑ ፊደል ይታያሉ። በሞንብላንክ ማይስተርሽቱክ የወርቅ ጫፍ ላይ 4810 የሚል ቁጥር አለ፤ ብዕሩ ስሙን የወሰደበት የሞንብላን ተራራ ከፍታ በሜትር ነው። በኪስ መያዣው ቀለበት ላይም ተከታታይ ቁጥር ይኖራል፤ ሆኖም አስመሳዮቹም ቁጥር ስለሚቀርጹ ቁጥር መኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ሻጩ ራሱ ያነሳውን የጫፉን፣ የቀለበቱንና የዋስትና ካርዱን ፎቶ መጠየቅና የካታሎግ ሥዕል ብቻ የሚልከውን መተው ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስተማምነው መንገድ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። አንድ መምህር ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ መዋጮ ሰብስበው ብዕር ሊሸልሙት ያስባሉ እንበል። ገንዘቡን ለማይታወቅ ሻጭ ከመላክ ይልቅ፣ በጀርመን ወይም በአሜሪካ ላለ የአንዳቸው እህት ወይም ወንድም መልእክት ልኮ፣ እውቅና ያለው ሱቅ በእግሩ ገብቶ እንዲገዛ ማድረግ የመላኪያውን ክልከላ ሁሉ ያልፋል፤ ሱቅ ገብቶ የሚገዛን ሰው ወዴት ትወስደዋለህ የሚለው የለም። ለዘመዱ የሚጻፈው መልእክት የብዕሩን ሙሉ ስም፣ የጫፉን መጠንና የቀፎውን ቀለም መያዝ አለበት፤ ካርዱ ላይ ማኅተምና ቀን እንዲደረግ፣ ደረሰኙ እንዳይጣል፣ ብዕሩም ባዶውን እንዲመጣ ይነገረው። በፖስታ የሚመጣ ከሆነ ግን ከማዘዝ በፊት ስለ ቀረጡ የጉምሩክን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቀረጡን የረሳ ሰው ርካሽ ያለውን ብዕር ውድ ሆኖ ያገኘዋል።

እንዲህ ያመጣውን ብዕር መልሶ ሊሸጥ የሚፈልግም ይኖራል። በቴሌግራም ሲያስተዋውቅ ወኪል ሳይሆን ወኪል ነኝ ማለት የለበትም፤ የአምራቹ ዋስትና ከሌለው የለውም ብሎ መጻፍና ደረሰኝ መስጠት ይገባዋል። አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ደግሞ ከዚህ ዋጋ በታች እንዳትሸጥ ብሎ ውል ቢያቀርብለት፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ዝቅተኛ የዳግም ሽያጭ ዋጋ መወሰንን እንደከለከለ አውቆ፣ ከመፈረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ብዕሩ እጅ ከገባ በኋላ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ መፈተን አለበት። በውኃ አጥቦ፣ ሞልቶ፣ አንድ ሙሉ ገጽ መጻፍ፣ ከዚያም ክዳኑን ገጥሞ አሳድሮ በማግሥቱ ጫፉ ደርቆ እንደሆነ ማየት ነው። እዚህ ላይ የእኛን መንገድ አለመርሳት ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የውጪው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በግማሽ በጎደለው ብዕር ውስጥ ያለው አየር ሰፍቶ ቀለሙን ይገፋውና ኪስ ያበላሻል። ይህ የብዕሩ ጉድለት ስላልሆነ ለሻጩ ቅሬታ ከመጻፍ በፊት፣ ብዕሩን ሙሉ አድርጎ ወይም ባዶ አድርጎ፣ ጫፉን ወደ ላይ አቁሞ ያንኑ መንገድ አንድ ጊዜ መድገም ነው። ያኔም ካፈሰሰ ፎቶ አንስቶ በዚያው ዕለት ለሻጩ መላክ ይገባል።